ሁለተኛው ሰሌን

ኦሃዮ፣ ጁላይ 1991

ለወንድሜ ለፋላኒኮ፣

የእግዚአብሔር ሰላም በአንተና በፋጋቫይ ሰው ሁሉ ላይ ይሁን። እናትህ ሴፋ እንዴት ናት? አንተን ወልዳ እኔን ያሳደገች ናትና ጉልበቷን ሳምልኝ። እኔ ለክፉ አልሰጠኝም፤ መቀመጥ ብቻ ገና አልቻልኩም።

ስልክ ያልደወልኩት ረስቼህ አይደለም። ያለው ስልክ የሱቁ ነው፤ በሱቁ ስልክ የተነገረ ነገር ደግሞ ከእሁዱ ስብከት ቀድሞ በደሴቱ ይዳረሳል። ስለዚህ በጽሑፍ ልንገርህ። ከሰሌኑ ላይ ተነስቼ እንደ ሌባ መሮጤ እዚህ ድረስ ተከትሎኛል። አንተ በሆድህ ተኝተህ፣ የነቃሹ የሽማግሌው የላፋኤሌ መዶሻ አየር ላይ ቆሞ፣ ሴቶቹ ዘፈናቸውን አቋርጠው ሲያዩኝ አሁንም ይታየኛል። ምን ላድርግ? የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድኖቹ ሁሉ ተጫዋች መርጠው ጨርሰው ነበር። ከእንግዲህ የሚፈልገኝ የለም፣ በቃ እንደ አባቶቻችን ተነቅሰን እዚሁ እንኑር ብለን አይደል የተኛነው? ጀርባችን አልቆ ታፋችን ሲጀመር ነው ባለ ሱቁ እያለከለከ መጥቶ ከአሜሪካ ይፈልጉሃል ያለኝ። የደወለው ሰው ቃል አጭር ነበር። አንድ ልጅ ጉልበቱ ተሰብሯል፣ ነገ ከተሳፈርክ ቦታውን ትሞክራለህ፣ ካልሆነ ሌላ እጠራለሁ አለኝ።

እስከ ሆኖሉሉ ድረስ ቆሜ ነው የሄድኩት። አስተናጋጇ መጥታ ወንበሬ ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ወንበሩ ደኅና ነው፣ የተበላሸው እኔ ነኝ አልኳት። እዚህ ደግሞ የቡድኑ ሐኪም ጀርባዬን አይቶ ደነገጠና ማን እንዲህ እንዳደረገኝ ጠየቀኝ። አንድ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው ስለው ፖሊስ ሊጠራ ምንም አልቀረውም።

ሥራዬን ታውቀዋለህ። ኳስ ወርዋሪው ልጅ እንዳይነካ ከፊቱ ግንብ ሆነን የምንቆም አምስት ነን። ኳሷን አልነካትም። ስሜ በድምፅ ማጉያ የሚጠራው ያጠፋሁ ቀን ብቻ ነው። በመታጠቢያ ቤት ልጆቹ ንቅሳቴን እያዩ ያምራል ይላሉ። ከሃዋይ የመጣ አንድ የእኛ ዘር አለ፤ እሱ ጀርባዬን አየ፣ ወደ ፊት ዞሬ ባዶ ሆዴን ሲያይ አንገቱን ደፋ። ከሁሉም ያመመኝ የእሱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሸሚዜን ሳላወልቅ ነው የምታጠበው።

አንተ ግን ጨርሰህ ተነስተሃል አይደል? እምብርትህ ተነቅሶ፣ ዘይትና እርድ ተቀብተህ፣ እንደ ዶሮ ጫጩት ቢጫ ሆነህ ስትንጎራደድ አስብሃለሁ። ጨርሻለሁ በለኝና ልረፍ። እኔ ጃንዋሪ ላይ ጨዋታው ሲያልቅ እመጣለሁ።

ወንድምህ ማላኪ


ፋጋቫይ፣ ሴፕቴምበር 1991

ለተከበርከው ለማላኪ፣ ለኦሃዮው ግንብ፣

በወጣህበት ሁሉ የአምላክ ጥላ አይለይህ። እኛ ደኅና ነን። ደብዳቤህ ደርሶናል። ባለ ሱቁ ፖስታውን ወደ ፀሐይ ገልብጦ ሲያይ ደረስኩበት፤ ወረቀቱ ሳሳ ያለ ቢሆን ኖሮ እኔ ምን ጽፈህ እንደሆነ ከሰው ነበር የምሰማው።

ጥያቄህን ልመልስ። አልጨረስኩም። አንተ ከወጣህ በኋላ ላፋኤሌ ባዶ ሰሌንህን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ከአሳማ ጥርስ የተሠሩትን የመንቀሻ ማበጠሪያዎቹን አጥቦ በጨርቅ ጠቀለለ። «ሁለት ሆኖ የተኛ ሁለት ሆኖ ይነሳል» አለና ዱላውን ይዞ ሄደ። ሕጉን አንተም አታጣውም። ብቻውን የሚነቀስ የለም፤ ሕመሙ ለአንድ ሰው ይበዛል ብለው ነው አባቶች በጥንድ ያደረጉት። አንተ እስክትመለስ እኔን የሚነካኝ የለም፣ እኔም አልለመንኩትም።

እንግዲህ ሁለታችንም ግማሽ ነን። ልዩነቱ አንተ ግማሽ መሆንህ የማይታወቅበት አገር ነህ። እኔ የዓሣ ፋብሪካው ውስጥ በሙቀት ሁሉም ሸሚዙን ሲጥል ሸሚዜን ቆልፌ እውላለሁ። በአለቆች ስብሰባ የካቫ መጠጥ የሚያቀርበው የተነቀሰ ጎረምሳ ነው። ከነጭራሹ ያልጀመረውን ልጅ ነው ብለው ያልፉታል፤ ጀምሮ የተወውን ግን ደጅ አያደርሱትም። ስለዚህ ከኋላ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ጎደሬ እልጣለሁ። እጄ ፈጥኗል፤ አክስቶች ተማርከው ልጅ ሊድሩልኝ ነው።

መዳሩ እንኳ ቀልድ ነው። ሩታን ታውቃታለህ፣ የጀልባ ጠጋኙን ልጅ። አባቷ ዘንድ ሽማግሌ ልኬ ነበር። ሰውየው ቀና ብሎ ሳያይ «ግማሽ ሰው ሙሉ ልጄን አይወስድም፤ ሲጨርስ ይምጣ» አለ። አልፈርድበትም። እኔም ልጅ ቢኖረኝ ይህንኑ እል ነበር።

ግን ጃንዋሪ ቅርብ ነው። ሴፋ የጨዋታውን ልብስ ለብሰህ የተነሳኸውን ፎቶ ላክልኝ ብላለች።

የአንተው ፋላኒኮ


ኦሃዮ፣ ጃንዋሪ 1992

ለወንድሜ ለፋላኒኮ፣

አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንላችሁ። አውሎ ነፋሱ ደሴታችንን መምታቱን በቴሌቪዥን ሳይ ጉርሻው ከአፌ ወደቀ። ደብዳቤ እስኪደርሰኝ ደኅና መሆናችሁን አላምንም ብዬ ነበር፤ ከዚያ ባለ ሱቁ ለሃዋዩ ልጅ ዘመዶች በስልክ ደኅንነታችሁን ነግሯቸው ሰማሁ። ስላማሁት ይቅር እንዲለኝ ንገረው፤ ከእንግዲህ አላማውም።

ፋላኒኮ፣ ቡድኑ ሳያባርረኝ አስቀርቶኛል። ከተጠባባቂዎቹ ተጠባባቂ ነኝ፤ ቢሆንም ስሜ በልብስ ሳጥኔ በር ላይ ተለጥፏል። አሁን አሠልጣኙ ጠርቶኝ ጉልበት አለህ፣ ብልሃት ይጎድልሃል አለኝና ለጸደዩ ጀርመን አገር ለሚጫወት ቡድን አዋሰኝ። እምቢ ብል ስሜን ከበሩ ይፍቁታል። ጃንዋሪ ብዬህ ነበር። ጃንዋሪ መጣ፣ እኔ ግን አልመጣሁም። ጁላይ ላይ ካምፕ ከመጀመሩ በፊት ጥቂት ሳምንት አለኝ፤ ያኔ አልቀርም።

ለሩታ አባት ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ንገርልኝ። ፎቶውን ልኬያለሁ። ቆርቆሮ ሥጋና ጫማም አለ፤ ጫማው ለእግርህ ይሰፋ ይሆናል።

ማላኪ


ፋጋቫይ፣ ሜይ 1992

ለማላኪ፣

እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ዕቃው ደርሷል፣ እናመሰግናለን። ጫማው ሰፍቶኛል።

አውሎ ነፋሱ የተኛንበትን ቤት ጣሪያ ወስዶታል። ምሰሶዎቹ ቆመዋል። ሰሌኖቹን ሴፋ በጊዜ ጠቅልላ ቤተ ክርስቲያን አስገብታቸው ነበርና ተርፈዋል፤ የእኔም የአንተም።

ፎቶውን ለሴፋ ሰጠኋት። ብዙ ጊዜ አገላብጣ አየችው። «ልብሱ ደስ ይላል፣ ልጄ የታለ?» አለችኝ። የብረት ቁር አድርገህ ፊትህ አይታይም። ቁሩን ያወለቅክበት ካለህ እሱን ላክላት።

ስለ ሩታ አባት አትጨነቅ። መልእክትህን አላደረስኩም። ጥፋተኛውን አይደለም የጠየቀኝ።

ፋላኒኮ


ሚኒሶታ፣ ኖቬምበር 1993

ለወንድሜ ለፋላኒኮ፣

የጌታ ምሕረት ከቤታችሁ አይራቅ። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩት ምን ብዬ እንደምጽፍ ቸግሮኝ ነው። ጁላይ ባልኩህ ጊዜ ቡድን ቀየርኩ። በሚቀጥለው ጁላይ ደግሞ የግራው ጉልበቴ ወጣ፣ ሐኪሞቹም ከፍተው ሰፉት። ጠባሳው ከታፋዬ ይጀምርና ጉልበቴን አልፎ ይወርዳል። ላፋኤሌ መስመሮቹን የሚያሳርፍበት ቦታ ላይ ነው። ሐኪሙ ስፌቱን ሲያስረዳኝ እኔ የማስበው የላፋኤሌን ፊት ነበር።

አሁን ድኜ ከመጀመሪያዎቹ ተሰላፊዎች አንዱ ሆኛለሁ። ሕፃን ሆነን የባሕሩ ኮራል ድንጋይ ላይ በባዶ እግራችን እየተጋፋን የተመኘነው ይህንን ነበር። እዚያ ስሆን እዚህን ተመኘሁ፣ እዚህ ስሆን ደግሞ ሌላ አላሰኘኝም ከዚያ በቀር። በረዶው እስከ በሩ መያዣ ደርሷል። ሰዉ ደግ ነው፣ አያስቀይመኝም፤ ግን ከሥራ በኋላ በሩን ሲዘጋ ዘግቶ ነው። ግድግዳ በሌለው ቤት ያደገ ሰው እንዲህ ያለው በር ያፍነዋል። ለማታ ጸሎት የሚነፋው ቀንድ ይናፍቀኛል። ሴፋ የጎደሬ ቅጠሉን በኮኮናት ወተት ጠቅልላ ከጋለ ድንጋይ ላይ ስታወጣው የሚሸተው ነገር ይናፍቀኛል። አንተ ትናፍቀኛለህ። ከአንተ ጋር መሳቅ ይናፍቀኛል።

እና አሰብኩ። በእኔ ምክንያት ትዳርህም ክብርህም ቆሟል። ጨርስ። ይህን ደብዳቤ ለላፋኤሌ አንብብለት፤ ማላኪ ለቅቆኛል በለው። እኔ ስመጣ የራሴን እጨርሳለሁ።

ወንድምህ ማላኪ


ፋጋቫይ፣ ፌብሩዋሪ 1994

ለወንድሜ ለማላኪ፣

በረከት ይብዛልህ። ጉልበትህ መዳኑ እፎይ አሰኝቶናል።

በመጀመሪያ ልንገርህ የሚገባኝ ነገር አለ። የአንተ ጨዋታ በቴፕ ተቀድቶ ከሆኖሉሉ በሳምንቱ ነው የሚደርሰን። ውጤቱን ሁሉም በሬዲዮ ሰምቶታል፤ ቢሆንም ባለ ሱቁ የተናገረ ይወጣል ብሎ ስለደነገገ ሁላችንም እንዳልሰማን ሆነን እንጨነቃለን። ቄሱ ሳይቀሩ እንደ አዲስ ይጸልያሉ። ባለፈው የበረዶው ጨዋታ ጊዜ አንድ ግዙፍ ሰው ጎትቶ ጣለህና ልብስህ እስከ ትከሻህ ተገለበጠ። ካሜራው ቀረበ። ጀርባህ ላይ የላፋኤሌ መስመር ሙሉ በሙሉ ታየ። ሱቁ በእልልታ ተናጋ። ከዚያ ስትነሳ ወደ እኛ ዞርክ፤ ሆድህ ባዶ ነበር። ሴፋ ከትከሻዋ ላይ ነጠላዋን አውርዳ ቴሌቪዥኑን አለበሰችው። ድምፁን ብቻ እየሰማን ጨረስን። ሲያልቅ ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። የእኔንም አብረው አዩት ማለት ነው።

ደብዳቤህን ለላፋኤሌ አነበብኩለት። «ወረቀት አፍ የለውም» አለኝ። የሚለቅ ሰው በራሱ ድምፅ፣ እሱ ጆሮ ላይ መናገር አለበት አለ። ይህ ብቻ አይደለም። ቀጥሎ ያለኝን ሳልደብቅህ ልጻፍልህ፤ ሳታውቅ እንድትናገር አልፈልግም። የተለቀቀው ብቻውን መጨረስ ይፈቀድለታል፤ ጓደኛውን የለቀቀ ሰው ግን ከዚያ በኋላ ራሱ ጓደኛ የለውም። እኔ ከተነሳሁ አንተ ብቻህን ነህ፤ ብቻውን የተኛን ሰው ደግሞ ላፋኤሌም ልጁም አይነኩትም። ስመጣ የራሴን እጨርሳለሁ ያልከው አይሆንም። እኔን ከለቀቅክ እስከ መቃብር ግማሽ ነህ።

ላፋኤሌ አርጅቷል። እጁ ጠዋት ጠዋት ይንቀጠቀጣል፣ ከሰዓት ይሻለዋል። ከዘንድሮው የበጋ ወራት ወዲያ መዶሻውን ለልጁ አስረክቦ እሱ ከጎን ተቀምጦ መስመሩን ብቻ ያሳያል።

የሩታ አባት ሌላ ሰው መጥቶ ጠይቆታል። ሩታ እምቢ ብላለች፤ ለስንት ጊዜ እምቢ እንደምትል ግን አላውቅም፣ እሷም አታውቅም። ማላኪ፣ ሆድ ይፍጀው እያልኩ ወደ ሦስት ዓመት ኖርኩ። ከእንግዲህ አልችልም። የምለምንህ እንድትለቀኝ አይደለም። ና። አብረን እንተኛና አብረን እንነሳ። ካልቻልክ ብቻ፣ ፈጽሞ ካልቻልክ ብቻ፣ አፍህን ከፍተህ ተናገር።

ሴፋ ፎቶውን ትተዋለች። ድምፁን ባሰማኝ ነው የምትለው።

ፋላኒኮ


ሚኒሶታ፣ ጁን 1994

ለወንድሜ ለፋላኒኮ፣

ሰላም ለአንተና ለእናታችን።

ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ወደ ሱቁ ደውዬ ነበር። ልለቅህ አስቤ ነው። በአጋጣሚ ስልኩን ያነሳችው ሩታ ናት። ማን ነው ስትል ከኋላዋ የማታው ቀንድ ሲነፋ ሰማሁ፤ ሰው ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ውሻ ሲጮህ፣ ባለ ሱቁ ሻማ ስጡ ሲል። ሄሎ፣ ሄሎ እያለች ዘጋሁባት። ማነው ብላችሁ ከሆነ እኔ ነኝ።

መልቀቅ አልቻልኩም፤ ስለዚህ እመጣለሁ። ለአሠልጣኙ ነግሬዋለሁ። አውሮፕላኑ የጁላይ የመጀመሪያው ዓርብ ይገባል። ሴፋ ሰሌኖቹን ታናፍሳቸው። ለላፋኤሌ ጠባሳዬን ንገረው፣ ሳያስበው እንዳይደነግጥ። ሩታንም ከእንግዲህ እምቢ ማለት አይጠበቅብሽም በላት።

ከደስታዬ ብዛት ሻንጣዬን ከአሁኑ አዘጋጅቻለሁ።

ማላኪ


ፋጋቫይ፣ ኦገስት 1994

ለማላኪ፣

እግዚአብሔር ካለህበት ይጠብቅህ።

ዓርብ ዕለት አውሮፕላን ማረፊያ ነበርኩ። በተከራየነው አውቶቡስ አክስቶች አበባ ጎንጉነው፣ ሴፋ አዲስ ልብስ ለብሳ ሄደን ነበር። ሰዉ ወርዶ አለቀ፤ ሻንጣዎቹም አለቁ። ሴፋ ምናልባት ትልቅ ስለሆነ ለብቻው በኋላ በር ይሆናል የሚወርደው አለች። አውሮፕላኑ በሩን ሲዘጋ ነው የተመለስነው። አበባውን ለሾፌሩ አደረግንለት።

ቅዳሜ ደወልክ። የሆነውን በዚያ በኩል ስላላየኸው ልንገርህ። ላፋኤሌን ከቤቱ ጠርተው አመጡት። የፍሪጁ ማጓራት ድምፅህን እንዳይሸፍን ብሎ ባለ ሱቁ ነቀለው። ወደ ቴክሳስ እንደተሸጥክ፣ ካምፕ ቀድሞ እንደተጀመረ፣ ያልመጣ ይቀነሳል እንዳሉህ ስትናገር ሰው ሁሉ ይሰማ ነበር። ከዚያ «ላፋኤሌ፣ ፋላኒኮን ለቅቄዋለሁ፤ ይነሳ» አልክ። ሽማግሌው «አንተስ?» አለህ። «እኔ ጨዋታ አለኝ» አልክ። ሴፋ እጇን ዘርግታ ስልኩን ስትቀበል መስመሩ ተቋርጧል። ቆርጠህ ይሁን ተቆርጦብህ አልጠየቅኩም።

ሰኞ ተኛሁ። አመመኝ፤ ሁለት ሆነን ስንካፈለው ከነበረው ይልቅ አመመኝ። ላፋኤሌ ራሱ ነው የመታው። እስከ ጉልበቴ ወርዶ በሆዴ ተመለሰ። ሰሌንህ ከጎኔ ተዘርግቶ ነበር፤ ያነጠፈችው ሴፋ ናት፣ ማንም አንሺው አላላትም።

የሩታ አባት መጥቶ ዞሮ አየኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሄደ። ሠርጉ በኦክቶበር ነው። ካቫም አቀርባለሁ። እንግዲህ በእኔ በኩል አትጨነቅ፤ የነበረብህ ነገር ሁሉ ቀርቷል። መልካም ጨዋታ ይሁንልህ።

ፋላኒኮ


ቴክሳስ፣ ኦክቶበር 1996

ለወንድሜ ለፋላኒኮ፣

የጌታ ሰላም በአንተ፣ በሩታና በእናታችን ላይ ይሁን። ልጅ እንደወለዳችሁ ከሃዋዩ ጓደኛዬ ሰማሁ። ዕድሜ ይስጣት።

ሁለት ዓመት አልጻፍኩም። አንተም አልጻፍክም፤ ተራው ግን የእኔ ነበር። ተቀነስኩ፣ ፋላኒኮ። በኦገስት አሠልጣኙ አስጠርቶኝ ወንበር እንኳ ሳይስብልኝ አመሰገነኝ። ቀኙም ጉልበት ሄዷል። ዕቃዬን የላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትተው ሰጡኝ፤ በበሩ ላይ ከስሜ በታች ያለውን ሙጫ የሚፍቅ ሰው ቀድሞ ቆሞ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባል የለ? የቆጡንም ለጊዜው አግኝቼው ነበር፤ አሁን ሁለቱም የሉም።

እንድታዝንልኝ የጻፍኩት አድርገህ አታንብበው። በልቼ አድራለሁ፣ አንድ ትምህርት ቤት ልጆችን አሠልጥንልን ብሎኛል። የጻፍኩልህ ባለፈው ሳምንት የሆነውን ለሌላ ለማን እንደምነግር ስላላወቅኩ ነው። ጎረቤቴ ጣሪያውን ያስጠግናል። ሠራተኛው ሚስማር ሲመታ ጣ ጣ ጣ ይላል፤ ቆም ይልና እንደገና ጣ ጣ ጣ። ቡና እየጠጣሁ ነበር። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ስኒውን አስቀምጬ ወለሉ ላይ በሆዴ ተኛሁ። ፊቴን ወደ ግራ አዞርኩ፤ አንተ ወደነበርክበት በኩል። ሠራተኛው ምሳ እስኪወጣ ድረስ እዚያው ነበርኩ። ከዚያ አለቀስኩ።

እርዱን ሲቀቡህ ምን ይመስል ነበር? ይህን ብቻ ጻፍልኝ። ዘይቱ ይሞቃል ወይስ ይቀዘቅዛል? ሁልጊዜ ማወቅ እፈልግ ነበር።

ልምጣ እንዴ ብዬ ትኬት ጠይቄ ነበር። ተውኩት። በየት በኩል ነው የምገባው? ላፋኤሌ ያለውን አልረሳሁም፤ ጓደኛውን የለቀቀ ብቻውን ነው፣ ብቻውን የተኛን የሚነካ የለም። እያወቅኩ ነው የተናገርኩት፣ አልቆጭበትም፤ አንተ በመነሳትህ ደስ ይለኛል። ግን ሸሚዙን የማያወልቅ ሽማግሌ ሆኜ እዚያ ከማረጅ እዚሁ ባረጅ ይሻላል። እዚህ ቢያንስ ያምራል ይሉኛል።

ሴፋን በእኔ ቦታ እቀፋት።

ማላኪ


ፋጋቫይ፣ ኖቬምበር 1996

ለወንድሜ ለማላኪ፣

የአባቶቻችን አምላክ ስሙ ይመስገን፤ ድምፅህን በወረቀት ሰማሁ። ለሴፋ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ወለሉ ላይ የተኛህበት ጋ ስደርስ ድገመው አለችኝ፤ ስደግመው ተነስታ ወጣች። የት እንደሄደች በኋላ እነግርሃለሁ።

የጠየቅከኝን ልመልስ ባልኩ ነበር፣ አላውቀውም እንጂ። እርዱን አልተቀባሁም።

ያን ጊዜ ያልጻፍኩልህ ተናድጄ ስለነበር ነው። በኋላ ንዴቱ ሲበርድ ደግሞ ብነግርህ እንደ ገመድ አንገትህ ላይ ይሆንብሃል፣ ጨዋታውንም በሙሉ ልብህ አትጫወትም ብዬ ተውኩት። ላፋኤሌ ጉልበቴን ጨርሶ፣ ሆዴን ጨርሶ፣ ማበጠሪያውን እምብርቴ ላይ ሲያሳርፍ እጁን ያዝኩት። በቃኝ አልኩት። ደንግጦ «ለቅቆሃል እኮ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለኝ። «እሱ ለቅቆኛል፤ እኔ ግን አልለቀቅኩትም» አልኩት። ሽማግሌው ብዙ ካሰበ በኋላ እንደዚያ ላለ ነገር አባቶች ሕግ አልተዉልኝም አለ። ከዚያ ሳቀ። ላፋኤሌ ሲስቅ አይተህ ታውቃለህ? እኔም ያኔ ነው ያየሁት። «እምብርቱ ያልተነካ ሰው ገና ከሰሌኑ አልተነሳም» ብሎ ማበጠሪያውን አጠበ።

ለሩታ አባት አልደበቅኩትም። ከእምብርትህ በቀር ሙሉ ሰው ነህ፣ ልጄ እምብርትህን አላገባችም አለኝ። ካቫ ሳቀርብ ሽርጤን ከእምብርቴ በላይ አስራለሁ። አለቆቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ነገር ግን በፋጋቫይ የሚያወራ የለም፣ ባለ ሱቁ እንኳ አያወራም። ይህን ስታነብ ሳቅክ አይደል?

ላፋኤሌ አለ። እጁ ከእንግዲህ መዶሻ አያነሳም፤ የሚመታው ልጁ ነው፣ እሱ ከጎን ሆኖ መስመሩን ያሳያል። ጠባሳህን ነግሬዋለሁ። ሐኪሙ ያሰመረውን እኛ እናስተካክለዋለን ብሏል። ስለዚህ ጓደኛ አለህ፣ ማላኪ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከጎንህ ተኝቼ ነው ያለሁት። ወገቤን አመመኝና ቶሎ በል።

ስትመጣ አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ። ከአውቶቡሱ ስትወርድ ሸሚዝህን አውልቅ። ከሱቁ እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ ግማሽህን ሳትሸፍን በእግርህ ና። አይተውታል እኮ፣ በቴሌቪዥን። ነጠላ የሚያለብስህ አይኖርም።

አውሮፕላን ማረፊያ አልመጣም። ባለፈው ሄጄ ያለ አንተ ተመልሻለሁ። የምጠብቅህ ቤት ነው። ሴፋ ወጥታ የሄደችው ሰሌኖቹን ልታመጣ ነበር፤ አሁን አዲሱ ጣሪያ ሥር የእኔን አንጥፋ፣ ከጎኑ የአንተን በእጇ እየዳበሰች ነው።

ፋላኒኮ